የመስኮት ፊልምና የቤት ቅዝቃዜ፦ ፀሐይን በየትኛው መስኮት እንመልሳት?

የካልጋሪ ስም ሲነሣ ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታሰበን በረዶ ነው። ወደዚያ ለመሄድ የተሰናዳ ሰው ወገኖቹን የሚጠይቀው ስለ ካፖርት፣ ስለ ቦት ጫማና ስለ በረዶ ጎማ እንጂ ስለ ሙቀት አይደለም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 2018 በዚችው ከተማ 36.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ተመዝግቧል። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በጁን 2021 መጨረሻ፣ በምዕራብ ካናዳ ላይ የተንሰራፋው የሙቀት ጉልላት ካልጋሪን ከ35 ዲግሪ በላይ ሲያደርሳት፣ በጎረቤት ክፍለ ሀገር በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የምትገኘውን የሊተን መንደር እስከ 49.6 ዲግሪ አግሏታል።

በዚያን ጊዜ፣ ከጁን 25 እስከ ጁላይ 1 ባሉት ቀናት፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ 619 ሰዎች በሙቀት ምክንያት መሞታቸውን የክፍለ ሀገሩ የሞት ምርመራ ቢሮ አስታውቋል። ከሟቾቹ 98 ከመቶ የሚሆኑት ሕይወታቸው ያለፈው በሕንፃ ውስጥ ነው። ሁለት ሦስተኛዎቹ 70 ዓመት የሞላቸው ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ሲሆኑ፣ ከግማሽ በላዩ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ይህ ቁጥር የሚያስተምረን ነገር አለ። አደገኛው በጎዳና ላይ የምናገኘው ፀሐይ ብቻ ሳይሆን፣ ወደ ቤት ገብቶ መውጫ ያጣው ሙቀት ጭምር ነው። የዚህ ሙቀት ዋነኛ መግቢያ ደግሞ በር ሳይሆን መስኮት ነው።

በመስኮት የሚገባውን የፀሐይ ሙቀት ለመቀነስ በገበያ ላይ ከሚቀርቡት መፍትሔዎች አንዱ የመስኮት ፊልም ነው፤ ይኸውም በመስታወት ላይ የሚለጠፍ ስስ የፕላስቲክ ሽፋን። ሻጮች የማቀዝቀዣን ወጪ በእጅጉ ይቀንሳል ይላሉ። በርግጥ ይቀንሳል? በየትኛው መስኮት ላይ? በምን ያህል? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በሰሜን ምሥራቅ ካልጋሪ የምትገኘውን የአቢዴል ሰፈር ምሳሌ አድርገን እንመረምራለን። አቢዴል በ16ኛው ጎዳናና በሜሞሪያል ድራይቭ መካከል፣ ከ68ኛው መንገድ በስተ ምሥራቅ የምትገኝ፣ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተገነባች የመኖሪያ ሰፈር ናት። እንዲህ ያሉ ቤቶች የተሠሩት ሙቀት ለመያዝ እንጂ ሙቀት ለመከላከል ታስበው አልነበረም፤ ብዙዎቹም የአየር ማቀዝቀዣ ሳይገጠምላቸው የተገነቡ ናቸው።

ከመጀመራችን በፊት ስለ ቃላት አንድ ማሳሰቢያ እንስጥ። በአገራችን ክረምት ማለት የዝናብ ወቅት፣ በጋ ማለት ደግሞ ደረቁ ወቅት ስለሆነ፣ ለካናዳ ስንጠቀምባቸው ትርጉማቸው ይምታታል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ "የበረዶ ወራት" እና "የሙቀት ወራት" እንላለን።

ሙቀቱ በመስታወት እንዴት ይገባል?

ወደ ምድር ከሚደርሰው የፀሐይ ኃይል ውስጥ በዓይናችን የምናየው ብርሃን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ግማሽ የሚሆነው ዓይን የማያየው፣ ቆዳ ግን እንደ ሙቀት የሚሰማው ኢንፍራሬድ ጨረር ነው። 5 ከመቶ ገደማ የሚሆነው ደግሞ ቆዳን የሚያቃጥለውና የመጋረጃና የምንጣፍ ቀለም እንዲደበዝዝ የሚያደርገው አልትራቫዮሌት ነው።

ንጹሕ መስታወት አብዛኛውን የፀሐይ ጨረር ያሳልፋል። ጨረሩ ገብቶ በወለሉ፣ በሶፋውና በግድግዳው ላይ ሲያርፍ እነዚህ ነገሮች ይሞቃሉ። የሞቀው ዕቃ በበኩሉ ሙቀቱን የሚያስወጣው ረዘም ባለ ሞገድ በሚጓዝ ሌላ ዓይነት ኢንፍራሬድ ነው፤ ይህን ደግሞ መስታወት አያሳልፈውም። ፀሐይ ላይ ቆሞ የዋለ መኪና ውስጡ እንደ ምድጃ የሚግለው በዚህ ምክንያት ነው፤ የገባው ሁሉ በገባበት መንገድ አይወጣም።

መሐንዲሶች የአንድን መስኮት ጠባይ በአንድ ቁጥር ይገልጹታል፤ በአማርኛ "የፀሐይ ሙቀት ማስገቢያ መጠን" ልንለው እንችላለን። ቁጥሩ ከ0 እስከ 1 ነው። 1 ማለት መስታወቱን ያገኘው ሙቀት በሙሉ ይገባል፣ 0 ማለት ምንም አይገባም ማለት ነው። ተራ ድርብ መስታወት 0.76 ገደማ አለው፤ ካረፈበት የፀሐይ ኃይል ሦስት አራተኛው ወደ ቤት ይገባል ማለት ነው። ፀሐይን ለመከላከል ተብለው የሚሠሩ ዘመናዊ መስታወቶች ግን ቁጥራቸው እስከ 0.3 እና ከዚያ በታች ይወርዳል።

ፊልሙ ምን ያደርጋል?

የመስኮት ፊልም ከፖሊስተር የሚሠራ፣ ማጣበቂያ የተቀባ ስስ ሽፋን ነው። ፀሐይን ለመከላከል በገበያ ላይ መዋል የጀመረው በ1960ዎቹ ነው። ሥራው ያንን የማስገቢያ ቁጥር ዝቅ ማድረግ ነው፤ አሠራሩ ግን እንደ ዓይነቱ ይለያያል። አራቱን ዋና ዋና ዓይነቶች እንመልከት።

የመጀመሪያው በቀለም የተነከረው ፊልም ነው። በመኪና መስታወት ላይ ከምናየው ጥቁር ሽፋን ጋር ይመሳሰላል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ይህ ፊልም ሙቀቱን አይመልሰውም፤ ይጠጣዋል። ስለዚህ መስታወቱ ራሱ ይግላል፤ ከዚያም ሙቀት ከፊሉ ወደ ውጭ፣ ከፊሉ ወደ ክፍሉ ይገባል።

ሁለተኛው በጣም ስስ የሆነ የብረት ንጣፍ ያለው ፊልም ነው። እንደ መስተዋት ስለሚያንጸባርቅ ሙቀትን በመመለስ ረገድ ብርቱ ነው። ቀን ቀን ከውጭ ወደ ውስጥ አያሳይም። ማታ መብራት ሲበራ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ውጭ የቆመ ሰው የቤቱን ገበና ሁሉ ያያል።

ሦስተኛው ብርሃንን አሳልፎ ኢንፍራሬዱን ለይቶ የሚያስቀር ፊልም ነው፤ በገበያ ላይ ብዙ ጊዜ "ሴራሚክ" በሚል ስም ይቀርባል። ቤቱን ሳያጨልም ሙቀት ይቀንሳል፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው።

አራተኛው "ሎው-ኢ" የሚባለው ነው። የፀሐይን ሙቀት ከመከላከሉ በተጨማሪ በበረዶ ወራት የክፍሉ ሙቀት በመስታወቱ በኩል እንዳያመልጥ ወደ ውስጥ ይመልሳል። የቀሩት ሦስቱ ይህን የመጨረሻ ሥራ ይህ ነው በሚባል ደረጃ አይሠሩም።

ጥሩ ጥሩዎቹ ፊልሞች ከየትኛውም ዓይነት ቢሆኑ እስከ 99 ከመቶ የሚደርሰውን አልትራቫዮሌት ያስቀራሉ። ስለዚህ የሶፋና የምንጣፍ ቀለም ቶሎ እንዳይደበዝዝ ያግዛሉ፤ ሆኖም ቀለም በብርሃንና በሙቀትም ጭምር ስለሚደበዝዝ ጨርሰው አያስቀሩትም።

በአቢዴል ሰማይ ላይ የፀሐይ መንገድ

ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። ፊልም አንዴ ከተለጠፈ ዓመቱን ሙሉ ይቆያል፤ እንደ መጋረጃ አይከፈትም፣ አይዘጋም። ካልጋሪ ደግሞ በካናዳ ካሉ ትልልቅ ከተሞች ሁሉ ፀሐይ በብዛት ከሚያገኙት አንዷ ናት፤ በዓመት ከ2,300 ሰዓት በላይ ፀሐይ ይወጣባታል። በሐምሌ የምንሸሸው ፀሐይ በጥር ያለ ክፍያ የሚያሞቀን ፀሐይ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ፊልም ጥሩ ነው ወይስ አይደለም የሚል ሳይሆን፣ በየትኛው አቅጣጫ ባለው መስኮት ላይ የሚል ነው።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ትገኛለች፤ ካልጋሪ ደግሞ 51 ዲግሪ። ይህ ልዩነት የፀሐይን መንገድ ፈጽሞ ይለውጠዋል። በካልጋሪ በጁን 21 ቀን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአድማስ 62 ዲግሪ ከፍ ትላለች፤ በዲሴምበር 21 ግን ከ16 ዲግሪ አታልፍም። በሙቀት ወራት እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከፍ ስለምትል በደቡብ መስኮት ላይ ጨረሯ ሰያፍ ሆኖ ይወርዳል፤ የጣሪያው ክፈፍም ጥላ ይጥልበታል። በበረዶ ወራት ግን ዝቅ ብላ በቀጥታ ወደ ደቡብ መስኮት ትገባና እስከ ክፍሉ መጨረሻ ድረስ ትዘልቃለች። ደቡብ መስኮት በተፈጥሮው የተስተካከለ ነው፤ በሙቀት ጊዜ ትንሽ፣ በብርድ ጊዜ ብዙ ያስገባል።

ምዕራብ መስኮት የዚህ ተቃራኒ ነው። በጁን መጨረሻ በካልጋሪ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ የምትጠልቀውም በትክክለኛው ምዕራብ ሳይሆን በሰሜን ምዕራብ በኩል ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ድረስ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ምዕራቡን መስኮት ትመታዋለች። የጣሪያ ክፈፍ ይህን ዝቅ ያለ ጨረር አያግደውም። ከዚህም ሌላ ይህ ሰዓት የውጭው አየር በቀኑ ውስጥ እጅግ የሚሞቅበትና ቤቱም ቀኑን ሙሉ ሙቀት ያጠራቀመበት ነው። በዲሴምበር ደግሞ ፀሐይ በደቡብ ምዕራብ በኩል በጊዜ ስለምትጠልቅ ምዕራብ መስኮት ከእርሷ የሚያገኘው ጥቂት ነው። በሌላ አነጋገር ምዕራብ መስኮት ፀሐይን የሚያስገባው በማንፈልጋት ጊዜ ነው።

ከዚህ የሚከተለው መመሪያ ቀላል ነው። በካልጋሪና በተመሳሳይ ኬክሮስ በሚገኙ ከተሞች ፊልም ቀዳሚ ቦታው ምዕራብ መስኮት ነው። ምሥራቅ መስኮት ይከተላል፤ በተለይ በሌሊት ፈረቃ ሠርተው ጠዋት የሚተኙ ሰዎች መኝታ ቤት ከሆነ። ደቡብ መስኮት ቢተው ይሻላል። ሰሜን መስኮት አያስፈልገውም።

ሒሳቡ ሲሰላ

አሁን በቁጥር እንየው። የሚከተለው ስሌት ለማሳያ በተወሰዱ ግምቶች ላይ የተመሠረተ ነው፤ አንባቢ የራሱን ቁጥሮች ተክቶ ሊያሰላው ይችላል።

ስፋቱ 2 ካሬ ሜትር የሆነ ምዕራብ መስኮት እንውሰድ። በጠራ ቀን ከሰዓት በኋላ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 700 ዋት የፀሐይ ኃይል ያርፋል እንበል። የመስኮቱ የሙቀት ማስገቢያ መጠን 0.70 ቢሆን ወደ ክፍሉ የሚገባው ሙቀት 2 በ700 በ0.70 ሲባዛ 980 ዋት ይሆናል። ይህ ማለት የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሚወስደው ኃይል ሩብ ያህሉ በሳሎኑ ውስጥ ለሰዓታት ሲነድ እንደ ማለት ነው። ፊልሙ ቁጥሩን ወደ 0.40 ካወረደው የሚገባው 560 ዋት ብቻ ይሆናል። ልዩነቱ 420 ዋት ነው። ቁጭ ብሎ ያረፈ አንድ ሰው 100 ዋት ገደማ ሙቀት ስለሚያወጣ፣ ፊልሙ አራት ሰዎችን ከክፍሉ እንደማስወጣት ይቆጠራል።

ይህ በቀን ለ4 ሰዓት ቢቀጥል 1.7 ኪሎዋት ሰዓት የሚሆን ሙቀት ሳይገባ ቀረ ማለት ነው። የአየር ማቀዝቀዣ በአንድ አሐድ ኤሌክትሪክ ሦስት አሐድ ያህል ሙቀት ስለሚያወጣ፣ የሚተርፈው ኤሌክትሪክ 0.56 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በዓመት 60 ሞቃትና ጠራራ ቀናት ቢኖሩ ድምሩ 34 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይመጣል። ማስተላለፊያና ማከፋፈያ ተጨምሮ አንዱ ኪሎዋት ሰዓት 20 ሳንቲም ነው ብንል፣ ከአንድ መስኮት በዓመት የሚተርፈው 7 ዶላር እንኳ በቅጡ አይሞላም።

ይህ ቁጥር በሻጮች ማስታወቂያ ላይ አይገኝም። ፊልሙን ገዝተን ራሳችን ለጥፈን 50 ዶላር ቢፈጅብን ወጪውን ለመመለስ ከሰባት ዓመት በላይ ይፈልጋል። ባለሙያ አስጠርተን 200 ዶላር ብንከፍል 30 ዓመት ያህል ይወስዳል፤ ይህም የፊልሙን ዕድሜ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ በካልጋሪ የመብራት ሒሳብ ለመቀነስ ብቻ ብሎ በቤቱ መስኮት ሁሉ ላይ ፊልም የሚያስለጥፍ ሰው ገንዘቡን መልሶ ላያገኘው ይችላል።

ስሌቱ ግን ሌላ ገጽታም አለው። አንድ ቤት 2 ካሬ ሜትር የሆኑ ሦስት ምዕራብ መስኮቶች ቢኖሩት፣ ፊልሙ በከባዱ ሰዓት 1,260 ዋት ሙቀት ያስቀራል። ይህ በማቀዝቀዣ ሻጮች መለኪያ በሰዓት 4,300 ቢቲዩ ገደማ ነው። በመደብር የሚሸጡት ትንንሾቹ የመስኮት ማቀዝቀዣዎች 5,000 ቢቲዩ መሆናቸውን ስናስብ፣ ፊልሙ የአንድ ትንሽ ማቀዝቀዣን ሥራ ያለ ድምፅና ያለ ኤሌክትሪክ ሊሠራ ተቃርቧል ማለት ነው። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤተሰብ ጨርሶ ሳይገዛ ሊያልፍ ይችላል፤ የሚገዛው ደግሞ አነስ ያለው ይበቃዋል። የፊልም ትርፍ በየወሩ ሒሳብ ላይ ሳይሆን በዚህ በከባዱ ሰዓት ላይ ነው የሚገኘው።

ደቡቡን መስኮት እንዲሁ ብናሰላው የተገላቢጦሽ ይመጣል። በጠራ የበረዶ ቀን ለ5 ሰዓት በአማካይ 500 ዋት በካሬ ሜትር ቢያርፍ፣ ያው ፊልም በቀን 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ነጻ ሙቀት ይነሣናል። እንዲህ ያሉ 100 ቀናት ቢኖሩ የምናጣው 150 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ነው፤ ይህንም በጋዝ የሚሠራው ማሞቂያ መተካት አለበት። ምዕራብ መስኮት በሙቀት ወራት ከሚያስቀረው ሙቀት ይበልጣል። በቤቱ ሁሉ መስኮት ላይ አንድ ዓይነት ፊልም መለጠፍ በአንድ እጅ የቆጠቡትን በሌላው እጅ መበተን የሚሆነው ለዚህ ነው።

ከመግዛት በፊት የሚመረመሩ ነገሮች

አንደኛ፣ መስታወቱ ምን ዓይነት ነው? መስኮቶቹ በቅርብ ዓመታት የተቀየሩ ከሆነ የሎው-ኢ ንጣፍ ሊኖራቸው ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ ፊልም የሚጨምረው ጥቅም ጥቂት ነው። ይህን በቤት ውስጥ መፈተን ይቻላል። ሲመሽ የእጅ ስልክን መብራት ወደ መስታወቱ አስጠግቶ በሰያፍ መመልከት ነው። ድርብ መስታወት አራት ነጸብራቅ ያሳያል። ከአራቱ የአንዱ ቀለም ከሌሎቹ የተለየ ከሆነ ሎው-ኢ አለ ማለት ነው። አራቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ መስታወቱ ተራ ነው፤ ፊልም ይጠቅመዋል።

ሁለተኛ፣ መስታወቱ ይሰነጠቃል ወይ? ሙቀት የሚጠጣ ጥቁር ፊልም የመስታወቱን መካከል ሲያግለው፣ በፍሬሙ ውስጥ የተቀበረው ጠርዝ እንደቀዘቀዘ ይቀራል። መካከሉ ሊለጠጥ ይሻል፣ ጠርዙ ይይዘዋል፤ በዚህ ትግል መስታወቱ ከጠርዙ ጀምሮ ሊሰነጠቅ ይችላል። ምሽቱ በሚቀዘቅዝበትና ቀኑ ጠራራ በሚሆንበት እንደ ካልጋሪ ባለ ስፍራ ይህ ሊናቅ አይገባም። ጠርዙ ላይ ቀድሞ ጭረት ያለበት፣ ከፋብሪካ ባለ ቀለም ሆኖ የወጣ ወይም ሽቦ የተቀበረበት መስታወት ለአደጋው የበለጠ የተጋለጠ ነው። ለድርብ መስታወት ከሚጠጣው ይልቅ የሚያንጸባርቀው ፊልም ይመረጣል። በሁለቱ መስታወቶች መካከል ጉም የሚታይ ከሆነ ደግሞ ማሸጊያው ተበላሽቷልና ከፊልም በፊት ጥገና ያስፈልገዋል።

ሦስተኛ፣ ዋስትናው ምን ይላል? አንዳንድ የመስኮት አምራቾች ፊልም የተለጠፈበትን መስታወት ዋስትና ይሰርዛሉ። የፊልሙ አምራች ለመስታወቱም ኃላፊነት ይወስድ እንደሆነ በጽሑፍ መጠየቅ ተገቢ ነው። ተከራይ ከሆኑ የባለቤቱን፣ በኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ የማኅበሩን ፈቃድ አስቀድሞ ማግኘት ከኋላ ክርክር ያድናል።

አራተኛ፣ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ምን ማለት ነው? ብዙ ሻጮች "ኢንፍራሬድን 90 ከመቶ ይከላከላል" ብለው በትልቁ ይጽፋሉ። ኢንፍራሬድ የፀሐይ ኃይል ግማሽ ብቻ መሆኑን እናስታውስ። እንዲያውም አንዳንዱ ቁጥር የተለካው በጠባብ የጨረር ክልል ውስጥ ብቻ ነው። መጠየቅ ያለበት ፊልሙ ከጠቅላላው የፀሐይ ኃይል ስንቱን እንደሚያስቀር ነው። በሰሜን አሜሪካ የመስኮትና የፊልም ደረጃ የሚመዘግበው ብሔራዊ የመስኮት ደረጃ ምክር ቤት፣ በአጭሩ ኤንኤፍአርሲ፣ ለፊልሞችም የሙቀት ማስገቢያ መጠንንና የብርሃን ማስተላለፊያ መጠንን የያዘ መለያ ይሰጣል። በተጨማሪም ቁጥሩ የተሰጠው ለነጠላ መስታወት ነው ወይስ ለድርብ የሚለውን መለየት ያስፈልጋል። በድርብ መስታወት ላይ ፊልሙ የሚለጠፈው በውስጠኛው ገጽ ስለሆነ፣ የጠጣው ሙቀት ከፊሉ ወደ ክፍሉ ይመለሳል፤ ጥቅሙም በነጠላ መስታወት ላይ ከሚሰጠው ያንሳል።

ራስን በራስ መለጠፍ

መካከለኛ መጠን ያለውን መስኮት ሁለት ሰው ሆኖ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጨረስ ይቻላል። የሚያስፈልጉት ውሃ መርጫ ጠርሙስ፣ ጥቂት ጠብታ የሕፃን ሻምፑ፣ ጎማ ያለው የመስታወት መጥረጊያ፣ ስለታም ምላጭና ክር የማይተው ጨርቅ ናቸው። ቀኑ ደመናማ ወይም መስኮቱ በጥላ ውስጥ ያለበት ሰዓት ይመረጣል፤ በጋለ መስታወት ላይ ውሃው ፈጥኖ ስለሚደርቅ ፊልሙ ተሸብሽቦ ይቀራል። በውርጭ ቀንም አይለጠፍም።

መጀመሪያ መስታወቱ ተጠርጎ አንዲት ብናኝ እንኳ እንዳትቀር ይደረጋል። ፊልሙ ከመስታወቱ በየጎኑ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር አስተርፎ ይቆረጣል። ከዚያም መስታወቱ በሻምፑው ውሃ በደንብ ይረጫል፤ የፊልሙ መከላከያ ልባስ ተላጦ ማጣበቂያው ያለበት ገጽም እንዲሁ ይረጫል። ውሃው ፊልሙን እያንሸራተቱ ቦታው ላይ ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል። ከተስተካከለ በኋላ ከመካከል ወደ ጠርዝ በመጥረጊያው ውሃው ይገፋል፤ ትርፉም ከፍሬሙ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ክፍተት በመተው ይከረከማል። የሚቀሩት ትንንሽ የውሃ አረፋዎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ራሳቸው ይጠፋሉና በጥፍር መነካካት አይገባም። ለአንድ ወር ያህል መስታወቱን አለማጠብ፣ ከዚያም በኋላ አሞኒያ ያለበትን ማጽጃ አለመጠቀም ይመከራል።

ፊልም ብቻውን አይበቃም

ከፊልም በፊት ሊታሰቡ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። ሙቀትን ለመከላከል የሚሻለው ስፍራ ከመስታወቱ ውጭ ነው፤ ጥላው ጨረሩን ያስቀረው ገና ሳይገባ ነውና። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት እንደሚለው ከመስኮት በላይ የሚዘረጋ የሸራ ጥላ በሙቀት ወራት የሚገባውን የፀሐይ ሙቀት በደቡብ መስኮት እስከ 65 ከመቶ፣ በምዕራብ መስኮት እስከ 77 ከመቶ ሊቀንስ ይችላል። ጀርባው ነጭ ፕላስቲክ የሆነ መጋረጃ እንኳ እስከ 33 ከመቶ ይቀንሳል። ሸራውም መጋረጃውም በበረዶ ወራት ይሰበሰባሉ፤ ፊልም ይህን አይችልም።

ካልጋሪ ሌላም ስጦታ አላት። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝና አየሩ ደረቅ ስለሆነ ምሽቱ ይቀዘቅዛል፤ የጁላይ አማካይ የሌሊት ሙቀት 10 ዲግሪ ገደማ ነው። ማታ መስኮቶችን በትይዩ ከፍቶ ቀዝቃዛውን አየር ማስገባት፣ ጠዋት በጊዜ ዘግቶ መጋረጃ ማውረድ ያለ ምንም ወጪ ቤቱን ያበርደዋል።

ይህ ዘዴ የማይሠራበት ጊዜ ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 እንደታየው የደን ቃጠሎ ጭስ ከተማዋን በሚሸፍንበት ጊዜ መስኮት መክፈት ለሳንባ አደገኛ ነው። ሙቀቱና ጭሱ አንድ ላይ ሲመጡ ቤቱ ተዘግቶ መዋል አለበት። አስም ያለበት ልጅ ወይም ልብ የሚያማቸው እናትና አባት ባሉበት ቤት፣ ቀድሞውኑ ወደ ውስጥ ያልገባ ሙቀት ዋጋው በዶላር አይተመንም። የፊልም ትክክለኛ ዋጋ ይህ ይመስለኛል።

እንዲህ ባለ ቀን ከሁሉ የሚቀድመው ሰውን ማንቀሳቀስ ነው። አብዛኛው የካልጋሪ ቤት ቤዝመንት አለው፤ በአፈር ስለተከበበ ከላይኛው ፎቅ ይልቅ ቀዝቃዛ ነው። አዛውንቶች ደረጃ መውረድ ስለሚከብዳቸው ፎቅ ላይ ባለው መኝታ ቤት መቅረትን ይመርጣሉ። ከሙቀቱ ቀን በፊት ቤዝመንት ውስጥ አልጋ ማሰናዳት፣ ብቻቸውን ለሚኖሩ ጎረቤቶች በቀን ሁለት ጊዜ መደወል ከየትኛውም ፊልም ይበልጣል።

ከካልጋሪ ውጭ ላሉ አንባቢያን

ስሌቱ እንደ ስፍራው ይለወጣል። በዳላስ፣ በፊኒክስ፣ በዱባይ ወይም በሪያድ የማቀዝቀዣው ወራት ረጅም፣ የማሞቂያው ወራት አጭር ስለሆነ ፊልም ወጪውን ቶሎ ይመልሳል፤ ደቡብ መስኮትም ሊጨመር ይችላል። በስቶክሆልም ወይም በኦስሎ ያሉ ወገኖች ግን ከካልጋሪው ምክር ብዙ መራቅ አያስፈልጋቸውም።

በድሬዳዋ ያው የ2 ካሬ ሜትር ምዕራብ መስኮት ማቀዝቀዣ በሚሠራባቸው 250 ቀናት ቢሰላ 140 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይተርፋል፤ ከካልጋሪው አራት እጥፍ በላይ ነው። በአገራችን ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ከራሳችን በላይ ልትሆን ትቃረባለች፤ በአዲስ አበባ በጁን 21 በሰሜን በኩል ከ75 ዲግሪ በላይ፣ በዲሴምበር 21 በደቡብ በኩል 58 ዲግሪ ገደማ ከፍ ትላለች። ስለዚህ የሰሜንና የደቡብ መስኮቶችን በሰፊ የጣሪያ ክፈፍ መጠበቅ ይቻላል። የሚያስቸግሩት ምሥራቅና ምዕራብ ናቸው። የባቡር ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ በከዚራ የተሠሩት ቤቶች ሰፊ በረንዳ ያላቸው ይህን ጠንቅቀው በሚያውቁ ሰዎች ስለታነጹ ነው። ዛሬ በከተሞቻችን የሚበዙት በመስታወት የተሸፈኑ ፎቆች ፊልም የሚሹ ከሆነ፣ በንድፍ ጊዜ ሊታሰብ የሚገባው ጥላ ቀርቷል ማለት ነው።

ለማጠቃለል፣ በካልጋሪም ሆነ በሌላ ቀዝቃዛ አገር የሚኖር ቤተሰብ የሚከተለውን ቅደም ተከተል ቢይዝ ይጠቀማል። በቅድሚያ የሌሊት አየርና መጋረጃ፤ ቀጥሎ ከተቻለ ከውጭ የሚዘረጋ ጥላ፤ ከዚያም መስታወቱ ተፈትኖ ተራ መሆኑ ሲረጋገጥ በምዕራብ መስኮት ላይ፣ ካስፈለገም በምሥራቅ መስኮት ላይ የሚያንጸባርቅ ወይም ኢንፍራሬድን የሚለይ ፊልም። ደቡቡ መስኮት ክፍት ይተው፤ በጥር ወር ፀሐይዋ በዚያ በኩል ትመለሳለችና።